ማርሽ መቼ? ከኤፍጄአር ጋር የከረምኩበት ማስታወሻ

መጋቢት መጨረሻ፣ ጋራዥ ውስጥ

የዚህ ማስታወሻ ዓላማ አንድ ነው። ያማሃ ኤፍጄአር 1300 ላይ ማርሽ መቼ መቀየር እንዳለበት በውል ማወቅ እፈልጋለሁ። በስሜት ብቻ መንዳት ይብቃኝ ብያለሁ።

ሞተር ሳይክሏ እ.ኤ.አ. የ2009 ሞዴል ናት። አራት ሲሊንደር፣ 1298 ሲሲ፣ አምስት ማርሽ። ካቴና የላትም፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በካርዳን ዘንግ ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ 25 ሊትር ይይዛል። ሙሉ ነዳጅ ሲሞላባት ክብደቷ ወደ 290 ኪሎ ይጠጋል። ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ዘር እንደዚህ ነው። ሻንጣ ጭኖ፣ ሰው አፈናጥጦ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፤ ኩርባ ሲመጣ ደግሞ ደስ ብሎት ይታጠፋል።

ጣጣው ጉልበቷ ላይ ነው። ትንሽ ሞተር ማርሽ ሲሳሳትበት ወዲያው ይናገራል። በ125 ሲሲ ዳገት ላይ ከባድ ማርሽ ካላስገባህ ቀጥ ይላል፤ በቃ፣ ተማርክ። ኤፍጄአር ግን ችላ ትሄዳለች። ከተማ ውስጥ በሦስተኛም በአምስተኛም ትጎትታለች። ስለዚህ ብዙ ነጂ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ይቀይርና እዚያው ይቀራል። መጎተት መቻሏ ግን ማርሹ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ልፈትሽ የተነሳሁት ይህንን ነው።

ከመንገድ በፊት ሒሳብ። የካምቢዮው የጥርስ ብዛት የታወቀ ነው፤ አንደኛ 43 በ17፣ ሁለተኛ 39 በ22፣ ሦስተኛ 31 በ23፣ አራተኛ 28 በ26፣ አምስተኛ 26 በ28። በዚህ ላይ ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚገባው ጥርስና የካርዳኑ ቅነሳ ይጨመራል። የኋላ ጎማዋ 180/55 በ17 ነው፤ አንዴ ሲዞር 1.98 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ስለሆነ የምጽፈው በማይል ነው። 35 ማይል 56 ኪሎ ሜትር ነው፣ 65 ማይል ደግሞ 105።

ሳባዛው የወጣው ይኸው። በሰዓት 35 ማይል ላይ ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ በደቂቃ 3,550 ዙር ገደማ ይዞራል። በሦስተኛ 2,700፣ በአራተኛ 2,150፣ በአምስተኛ 1,860። በ65 ማይል አራተኛ 4,000 ይሆናል፣ አምስተኛ 3,450። ከፍተኛ ቶርኩን (የመጠምዘዝ ኃይሉን) የሚሰጠው 7,000 ላይ ነው፣ ከፍተኛ የፈረስ ጉልበቱን 8,000 ላይ። ሞተሩ ማለፍ የሌለበት ቀይ መስመር የሚጀምረው 9,000 ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ዓይኔን የሳበው ግን በማርሾቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀየር ዙሩ 30 በመቶ ይወድቃል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ 24 በመቶ፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ 20። ከአራተኛ ወደ አምስተኛ 14 ብቻ። ደረጃው እኩል አይደለም። እንግዲህ «ሁልጊዜ 3,500 ላይ ቀይር» የሚል ምክር ምን ያህል ያስኬዳል? አንደኛን 3,500 ላይ ብትለቀው ሁለተኛ ላይ 2,450 ሆኖ ያርፋል። አራተኛን በዚያው ዙር ብትለቀው አምስተኛ ላይ 3,000 ነው። አንዱ ጋ ሞተሩ ያዝናል፣ ሌላው ጋ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥኩት። የምለቅበትን ዙር ትቼ የማርፍበትን ዙር ልምረጥ። አዲሱ ማርሽ ሲይዝ ሞተሩ የት መገኘት አለበት? እሱ ከታወቀ የመልቀቂያው ዙር ራሱ ይመጣል። 2,800 ላይ ማረፍ ብፈልግ አንደኛን 4,000፣ ሁለተኛን 3,700፣ ሦስተኛን 3,500፣ አራተኛን 3,250 ላይ እለቃለሁ።

የቀረው 2,800 ትክክለኛው ቁጥር መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ያ ጋራዥ ውስጥ አይሆንም።

ሚያዝያ መጀመሪያ፣ አሁንም ጋራዥ

ፈተናው ፍትሐዊ እንዲሆን መጀመሪያ ሞተር ሳይክሏ ጤነኛ መሆን አለባት። ማርሽ አልገባም ሲል ጥፋቱ የሰዓቱ ይሁን የዕቃው ካልታወቀ ማስታወሻው ዋጋ የለውም።

ዘይት ቀየርኩ። ከኋላ ካለው የካርዳኑ የራሱ ዘይት በቀር ይህቺ ሞተር ሳይክል አንድ ዘይት ነው ያላት። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም ከዚያው ይጠጣሉ። ለዚህ ነው የመኪና ዘይት ዝም ብሎ የማይጨመርባት። አንዳንድ የመኪና ዘይት ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በጣም አንሸራታች የሚያደርግ ኬሚካል አለው፤ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ደግሞ በእሱ ይንሸራተታል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል፣ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚሆን መሆኑን የሚገልጽ ምልክት መኖሩን አይቼ ነው የገዛሁት።

የፍሪሲዮኑ መስመር በፈሳሽ ግፊት ነው የሚሠራው። የፍሬን ዘይቱ ዓይነት ዶት 4 ነው። ከጊዜ ብዛት ቡናማ ሆኖ ነበር፤ አዲስ አስገብቼ አየሩን አስወጣሁ። እጀታው ቶሎና በአንድ ቦታ መያዝ ጀመረ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ካልተላቀቀ ማርሹ እየተፋጨ ነው የሚገባው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን የማርሽ ፔዳሉን ከፍታ ማስተካከል ነው። የምለብሰው ቦት ጫማ አፍንጫው ወፍራም ነው። ፔዳሉ ዝቅ ያለ ስለነበር ወደ ላይ ለመቀየር ጣቴን ከሥሩ ለማስገባት ቁርጭምጭሚቴን አጥፌ እፈልገው ነበር። ፔዳሉን ከካምቢዮው ጋር በሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ ሁለት ጫፍ ያሉትን ማጥበቂያ ዳዶዎች አላልቼ ዘንጉን ትንሽ አዞርኩት። ፔዳሉ የጣት ውፍረት ያህል ወደ ላይ ወጣ። አሁን እግሬ ማረፊያው ላይ እንዳለ ጫማዬ ከሥሩ ይገባል። መቼ እንደምትቀይር ብታውቅም እግርህ ዘግይቶ ከደረሰ ዕውቀቱ ምን ይሠራል!

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በፊት፦ ወለሉን ፍለጋ

ጠዋት በማለዳ፣ መኪና በማይበዛበት ሜዳ መንገድ ላይ ወጣሁ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን ሁሉም ነገር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። አንድ ማርሽ አስገባለሁ። ዙሩን ዝቅ አድርጌ እይዛለሁ። ከዚያ ነዳጅ ቀስ ብዬ እሰጣለሁ። ምን አለች? እጽፋለሁ። ማርሹን እቀይርና እደግማለሁ።

ከ2,000 በታች በአራተኛና በአምስተኛ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል። እያንዳንዱ ፍንዳታ በመቀመጫው በኩል ለብቻው ይሰማል። ካርዳኑ ውስጥ ያለው ክፍተት «ጓ» እያለ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ትሄዳለች፣ አዎ። ግን ዙር ያነሰበት ሞተር ላይ ብዙ ነዳጅ ሲሰጥ ፒስተኑ በዝግታ እየወጣ ከባድ ግፊት ይሸከማል። የዘይት ግፊቱም በዝቅተኛ ዙር አነስተኛ ነው። ሞተሩ የማንኳኳት ዕድሉ ከፍ የሚለውም በዚህ ጊዜ ነው። ይሄንን ዳገት ላይ፣ ሻንጣ ጭኖ፣ በሞቃት ቀን አስቡት።

ከ2,000 እስከ 2,500 ያለው አታላይ ነው። ሜዳ ላይ፣ ፍጥነት ሳይጨመር ሳይቀነስ ጸጥ ብላ ትሄዳለች። ደስ ይላል። ነገር ግን ነዳጅ ስትሰጣት ታመነታለች፤ ነዳጅ ስትዘጋ ደግሞ ምንም አትይዝህም። እጅህ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ደካማ ነው።

2,800 አካባቢ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ስሰጣት ትነሳለች። ስዘጋ ትይዛለች። ከ3,000 በኋላ ደግሞ መጎተቷ ለስላሳና ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ የጋራዡ ግምት ያዘ ማለት ነው። ለሜዳ መንገድ የማረፊያ ወለሌ 2,800 ነው። ከዚያ በታች የምወርደው ቆሜ ስነሳ ወይም በመኪና መሀል ስሳብ ብቻ ነው፤ ያኔም ነዳጅ በብዛት አልሰጥም።

ስለ መቀየሩ ራሱም ልጻፍ፤ ሰዓቱ ትክክል ሆኖ አቀያየሩ ሻካራ ከሆነ ዋጋ የለውም። ወደ ላይ ስሄድ የጫማዬን አፍንጫ ከፔዳሉ ሥር አስገብቼ ቀድሜ ትንሽ ጫን አደርጋለሁ። ገና አይገባም፤ ጥርሶቹ ጭነት ላይ ናቸው። ከዚያ በሁለት ጣት ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሳልስብ ነካ፣ በቀኝ እጄ ነዳጁን በዚያው ቅጽበት ቅንስ። ጭነቱ ሲለቅ ፔዳሉ በራሱ ይገባል። «ጭ» የምትል ቀጭን ድምፅ ናት። «ጓ» ካለ ወይ ነዳጁ ዘግይቶ ተዘግቷል ወይ ፍሪሲዮኑ ቀድሞ ተለቋል።

አንድ ነገር በጎን። ይህቺ ሞተር ሳይክል ስድስተኛ ማርሽ የላትም። ያማሃ ስድስተኛውን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሞዴል ነው፤ ያኔ ነው ማርሽ ሲወርድ የኋላ ጎማን ከመቆለፍ የሚያድነው ፍሪሲዮንም አብሮ የመጣው። የእኔ ዘመን ኤፍጄአር የያዘ ሰው ሁሉ ሀይዌይ ላይ የሌለ ስድስተኛ በእግሩ ሲፈልግ ይገኛል። ሞተሩ ብዙ ጉልበት ቀርቶት እያለ ማርሹ ስለሚያልቅ ነው።

ከፋሲካ በኋላ፦ ስካይላይን ድራይቭ

ለማርሽ ትምህርት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ስካይላይን ድራይቭ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራራ ጫፍ ላይ ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል ይዘረጋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1931 ተጀምሮ በ1939 ነው ያለቀው። በዳሩ ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር አለው፤ ከአጥሩ ወዲያ ገደል ነው። የፍጥነት ወሰኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ 35 ማይል ነው። አጋዘን ይዘላል፣ ድብም ያቋርጣል። ወሰኑ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ እጠብቀዋለሁም።

ፍጥነቱ ቋሚ ሲሆን የሚቀረው ምርጫ ማርሽ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የወደድኩት።

መጀመሪያ በአራተኛ ሞከርኩ፤ 2,150 ዙር። ሜዳ በሆነው ቦታ ጸጥታው ያማልላል። ኩርባው ሲጀምር ግን እጆቼ ሥራ በዛባቸው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ስለማይይዝ ፍሬን፣ ከኩርባ ስወጣ ስለማይነሳ ብዙ ነዳጅ፣ ነዳጁ ዘግይቶ ሲመጣ እንደገና መቀነስ። መስመሬ ተወላገደ። በሦስተኛ፣ 2,700 ላይ፣ አብዛኛው መንገድ ተስተካከለ። ለሰፋፊዎቹ ኩርባዎችና ለለስላሳው ዳገት የሚመቸው እሱ ነው።

በሁለተኛ ማርሽ ስገባ ግን ሌላ ሞተር ሳይክል ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። 3,550 ዙር። ጠባብ ኩርባ ላይ ቀኝ እጄን የፀጉር ያህል ስከፍት ትገፋለች፣ የፀጉር ያህል ስዘጋ ትይዛለች። ፍሬኑን ሳልነካ ፍጥነቴን በአንድ እጅ አስተዳድራለሁ። «ሞተሩ ይጮሃል» የሚል ይኖራል። 3,550 እኮ ከቀይ መስመሩ ግማሽ እንኳ አይሞላም! ይሄ ሞተር የተሠራው በዚያ ዙር ቀኑን ሙሉ እንዲዞር ነው። የምንፈራው ድምፁን ነው፤ ከመኪና ነድተን ስለምንመጣ 3,500 ብዙ ይመስለናል።

ቶርንተን ጋፕ ከሚባለው የተራራ መተላለፊያ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ 32ኛው ማይል ላይ፣ የሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ። 670 ጫማ ነው፣ 200 ሜትር ይሆናል። እዚያ ውስጥ ንፋሱ ይጠፋና የሞተሩ ድምፅ ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣል። ሦስተኛ ላይ ሆኜ አዳመጥኩት፣ ወደ ሁለተኛ አወረድኩና እንደገና አዳመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ዙር መለኪያውን ብዙ አላየውም። የ2,700ን ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ፣ የ3,500ንም እንዲሁ። ኩርባ ላይ ዓይን መሆን ያለበት መንገዱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ዙሩን ጆሮ ይጠብቀው።

ማርሽ የሚወርድበት ቦታም ራሱን ችሎ ተለየ። ከኩርባው በፊት፣ ሞተር ሳይክሏ ቀጥ ብላ ሳለች። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ልቀቅ፣ ከዚያ ታጠፍ። ተጋድማ ሳለች ማርሽ ማውረድ የኋላ ጎማውን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ መጠየቅ ነው፤ መያዝም መታጠፍም። 290 ኪሎ ከላይ ተቀምጦ ይሄን መጠየቅ ተገቢ አይደለም።

ዙር ማስተካከሉን በተመለከተ ሒሳቡ እንደገና ረዳኝ። በ35 ማይል ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስወርድ ሞተሩ 850 ዙር መጨመር አለበት። ፍሪሲዮኑ ተይዞ ሳለ ነዳጁን ለአፍታ ነካ አድርጌ ዙሩን ካላነሳሁት የኋላ ጎማው ነው ሞተሩን ጎትቶ የሚያነሳው፤ ያኔ ትንሸራተታለች፣ ትነጥራለች። ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ግን የሚያስፈልገው ጭማሪ ትንሽ ነው። ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደግሞ ከሁሉ ትልቁ፣ 43 በመቶ። ስለዚህ እየሄድኩ አንደኛን አላስገባም፤ ከ10 ማይል በታች ካልወረድኩ በስተቀር።

ግንቦት መግቢያ፦ ከአጎቴ ጋር በስልክ

አጎቴ ዕድሜውን የጨረሰው በከባድ መኪና ላይ ነው። በአባይ በረሃ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲመላለስ ኖሯል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ጠመዝማዛ፣ ሙቀት፣ ጭነት። ደውዬ የማደርገውን ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ መቼ ነበር የሚቀይሩት?»

«መቼ? ላይ ነዋ!» አለኝ። «ልጄ፣ ቁልቁለት ከጀመርክ በኋላ ማርሽ አይመረጥም። ከላይ ሆነህ መርጠህ ነው የምትገባው። በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።»

የድሮዎቹ ከባድ መኪኖች ማርሻቸው ራሱ አይገጥምላቸውም ነበር። ፍሪሲዮን ረግጦ ማውጣት፣ ለቅቆ ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን ማንሳት፣ እንደገና ረግጦ ማስገባት። ዙሩ ካልገጠመ ማርሹ አይገባም፤ ካልገባ ደግሞ ጭነቱ ቁልቁል ይወስድሃል። እኔ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስወርድ የማደርገው ነገር የዚያው ሥራ ቀላሉ ነው። እሱ ግን ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሸት በአፍንጫው ያውቃል። «ፍሬን ለመቆም ነው፣ ማርሽ ለመውረድ ነው» ብሎኝ ዘጋው።

ምክሩን በመንገድ 211 ላይ አየሁት። ከቶርንተን ጋፕ ወደ ስፐሪቪል የሚወርደው ቁልቁለት ኩርባ በኩርባ ነው። ከላይ፣ ገና ሜዳው ላይ ሳለሁ፣ ሁለተኛን አስገብቼ ገባሁ። ፍሬን የነካሁት በጣም በሚጠቡት ኩርባዎች ፊት ብቻ ነው። በሦስተኛ ገብቼ መሀል ላይ ማውረድ ይቻላል፤ ግን ያኔ ፍጥነት ተጨምሯል፣ ኩርባው ቀርቧል፣ ፍሬንና ማርሽ አንድ ቦታ ላይ ይጣደፋሉ። ላይ ሆኖ መምረጥ ይህንን ሁሉ ያስቀራል።

ግንቦት አጋማሽ፦ ሁለት ሰው

ባለቤቴ ከኋላ ተቀመጠች፤ ሁለቱም ሻንጣ ሞልቷል። ለአቀያየር ከእሷ የበለጠ መለኪያ የለም። ማርሹ ሻካራ ከሆነ ሄልሜቷ ሄልሜቴን ይነካል። «ኳ» ይላል። ክርክር የለውም።

ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ ወለሉ ከፍ ማለት አለበት። ብቻዬን 2,800 የበቃኝ ቦታ ሁለት ሰው ሲሆን ከ3,000 በላይ ይፈልጋል፤ ዳገት ላይ 3,300። ክብደት ሲጨመር ሞተሩ ለዚያው ፍጥነት ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል፣ ዝቅተኛ ዙር ላይ ብዙ ነዳጅ ደግሞ ያ የምንሸሸው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ያለው ዝላይ ትልቁ ስለሆነ ሄልሜት የሚጋጨው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። መፍትሔው አንደኛን ቶሎ መልቀቅ ይመስላል። ግን እንደዚያ ሲደረግ ሁለተኛ ላይ ዝቅ ብሎ ያርፍና ይንገጫገጫል። አንደኛን እስከ 4,300 ወስጄ፣ ፍሪሲዮኑን ከወትሮው ትንሽ ዘግየት አድርጌ ስለቅ ጠፋ።

ማዲሰን ከተማ ስንደርስ ወርዳ ሄልሜቷን አወለቀች። «ዛሬ ማርሽ ስትቀይር አልሰማሁህም» አለችኝ። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው።

ግንቦት መጨረሻ፦ ሀይዌይ 66

ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። አምስተኛ ላይ በ65 ማይል 3,450 ነው። ወለሉን አልፏል፣ ምቹ ነው። ከባድ መኪና ለመቅደም ግን በቂ ነው ወይ? ብዙ ሰው አንድ ማርሽ ይወርዳል። ከአምስተኛ ወደ አራተኛ የሚገኘው 550 ዙር ብቻ ነው። ምንም አይደለም ማለት ይቻላል። ሁለት ማርሽ ወርጄ ሦስተኛ ስገባ 5,000 ላይ ነኝ። ያኔ ነዳጅ ስሰጣት ከመኪናው ጎን የምቆይበት ጊዜ በጣም ያጥራል። ከባድ መኪና ጎን፣ ነጂው በማያይህ ቦታ፣ የምታሳልፈው እያንዳንዱ ሰከንድ አደጋ ነው። ካለፍኩ በኋላ በ6,000 አካባቢ ለቅቄ ወደ አራተኛ፣ ከዚያ ወደ አምስተኛ።

አንድ ሁኔታ አለ። መንገዱ ርጥብ ከሆነ ሁለት ማርሽ አልወርድም። አራተኛ ላይ ሆኜ ቀስ ብዬ እቀድማለሁ፣ ካልሆነም እጠብቃለሁ።

ነዳጁንም ተከታተልኩ። ያንኑ መንገድ በ65 ማይል አንዴ በአራተኛ፣ አንዴ በአምስተኛ ሄጄ ታንኩን እስከ አንገቱ ሞላሁ። አምስተኛ ቆጥቧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ በብዙ ዙር ሲዞር በውስጡ ያለው ሰበቃ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ የአየር መግቢያው በጣም ስለሚዘጋ በጠባብ ቀዳዳ አየር ለመሳብ ጉልበት ያባክናል። ዝቅተኛ ዙርና ሰፋ ያለ የአየር መግቢያ ይቆጥባል። ሕጉ ግን ከወለሉ በታች አይሠራም። በ35 ማይል አምስተኛ ማስገባት ቁጠባ የሚመስለው ለማያዳምጥ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ላለ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የስካይላይን ከፍተኛው ቦታ 3,680 ጫማ ነው፣ 1,120 ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። እንጦጦ ዳገት ላይ የእኔ 2,800 አይበቃም። ዙሩን ከፍ አድርጉት፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት ነው። ትንሽ ሲሲ ያለው ሞተር ከሆነማ ወለሉ ጨርሶ ሌላ ነው፤ በሜዳ ላይ ያደረግኩትን ፍለጋ በራሳችሁ ሞተር መድገም አለባችሁ።

ሰኔ መግቢያ፦ ካርዱ

ታንኩ ላይ በምትቀመጠው ቦርሳ፣ ካርታ በሚገባበት ላስቲክ ውስጥ፣ ትንሽ ካርድ አስገብቻለሁ። የፍጥነትና የዙር ሠንጠረዡን ሙሉ ለሙሉ ልጽፍበት ነበር፤ ተውኩት። መንገድ ላይ ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው መንገድ አያይም። የጻፍኩት ሦስት ማረፊያ ብቻ ነው። ብቻዬን ሜዳ 2,800። ሁለት ሰው ወይም ዳገት 3,200። ኩርባና ቁልቁለት 3,500። ከሥሩ አንድ መስመር፦ «ላይ ሆነህ ምረጥ»።

ካርዱ የማይሸፍነው ዝናብን ነው። እስካሁን የያዝኩት ልማድ ርጥብ መንገድ ላይ ኩርባ ውስጥ አንድ ማርሽ ከፍ ማለት ነው፤ ሁለተኛ የምገባበትን በሦስተኛ። ምክንያቱም ሁለተኛ ላይ የእጄ ትንሽ ስህተት ኋላ ጎማው ላይ ትልቅ ሆኖ ይደርሳል። ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ሲሆን ግን የሞተሩን መያዝ እፈልገዋለሁ። ሁለቱ የሚጋጩበት ቦታ፣ ማለትም ርጥብ፣ ጠመዝማዛና ቁልቁል አንድ ላይ ሲሆን፣ የማደርገው ፍጥነቱን ቀድሞ መቀነስና ሦስተኛ ላይ መቆየት ነው። ይሄንን ገና በደንብ አልፈተንኩትም።

የሚቀጥለው ሥራ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ነው። ስካይላይን ያለቀበት ሮክፊሽ ጋፕ ላይ ይጀምርና 469 ማይል ወደ ኖርዝ ካሮላይና ይወርዳል። ወሰኑ በአብዛኛው 45 ማይል ነው። አሥር ማይል ብቻ ነው የተጨመረው፤ የማርሹ ምርጫ ግን ይለወጣል። ሦስተኛ 3,470 ይሆናል፣ አራተኛ 2,770። ትናንት የመጀመሪያዎቹን ማይሎች ሄጄ አየሁት። ስካይላይን ላይ ጨርሶ የማልፈልገው አራተኛ እዚህ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ተመቸኝ፤ ኩርባው ሲጀምር ሦስተኛ በቂ ነው። ሁለተኛን ያስገባሁት ወደ ማሳያ ቦታዎቹ ስገባና ስወጣ ብቻ ነበር። ሻንጣውን ጭኜ፣ ባለቤቴን ይዤ እስከ ሮአኖክ ስሄድ ቁጥሮቹ ይያዙ አይያዙ እጽፋለሁ።